ከአባታችን ሆይ መሀል የወጣው እርግማን

መቀሱ ከእጄ ወደቀ። ላነሳው ጎንበስ ስል ቀኝ እጄ የት እንዳለ ጠፋኝ። ከትከሻዬ ተንጠልጥሏል፤ ግን የሌላ ሰው እጅ ነው። ቦንጋ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ደም ግፊት እንዳለብኝ ከተነገረኝ ቆይቷል፤ ኪኒኑን ግን ሲያሻኝ እውጠው፣ ሲያሻኝ እተወው ነበር። «ንዴትህን ቀንስ» ሲሉኝም እናደድ ነበር።

የምናደደው በታላቅ ወንድሜ በጋሽ ወልዴ ነው። ሺሺንዳ አጠገብ ባለው የቤተሰብ መሬት ላይ አባታችን ቀፎ ይሰቅልበት የነበረውን የዋንዛ ዛፍ፣ ሳይነግረኝ ቆርጦ ለጣውላ አዋለው። ከዚያ ወዲህ አላናገርኩትም።

ባለቤቴ አስቴር ምሳ ይዛ ስትገባ ወለሉ ላይ ወድቄ አገኘችኝ። «ውሃ» ልላት አፌን ከፈትኩ። አንድ ሰው ጥርት ባለ ድምፅ «ድራሽህ ይጥፋ!» አለ። ማን እንደገባ ለማየት ዞር አልኩ። ማንም የለም። አስቴር የምታየው እኔን ነበር።

ሆስፒታል ገባሁ። ቀኝ ጎኔ አይታዘዝም። የአፍ መፍቻዬ ካፊኖኖውም አማርኛውም ጠፋ። «ራሴን አመመኝ» ልል፣ ድራሽህ ይጥፋ። «አመሰግናለሁ» ልል፣ ድራሽህ ይጥፋ። ነርሷ መርፌዋን እንደያዘች ወደ ኋላ ሸሸች። ጉሙ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ውጭው አይታይም። ጠያቂዎች በር ላይ ቆመው «ጋኔን ለክፎት ነው እኮ» ሲባባሉ ይሰማኛል።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ለአስቴር እንዲህ አላት፦ «ስትሮክ ነው። የንግግሩ ችግር አፌዚያ ይባላል። ሐሳቡ አለ፣ ቃሉ ነው የጠፋባቸው። አንዳንዴ ብዙ የተደጋገመ ነገር ብቻ ይተርፋል፤ ስድብ፣ ዘፈን፣ ጸሎት። የሚያውቁት ጸሎት ካለ እርስዎ ይጀምሩላቸው።»

ከለከፋው ወሬ ይልቅ ይህ አስፈራኝ። ጋኔን ቢሆን ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ይህ ግን እኔው የደጋገምኩት ነው።

አስቴር «አባታችን ሆይ» ብላ ጀመረች። አፌ ተቀበላት። ቃሉ ያለ እኔ ፈቃድ፣ አንድም ሳይዛነፍ ይወርዳል። አስቴር አለቀሰች። «በደላችንንም ይቅር በለን፣ እኛም የበደሉንን…» አፌ ቆመ። ከዚያ በዚያው በጸሎት ድምፅ፣ «ድራሽህ ይጥፋ።» ደግመን ሞከርን። እዚያው ቦታ፣ ያው ቃል።

አስቴር በሽታው መሰላት። እኔ ግን አወቅሁት። ጠዋት ጠዋት ሱቄን ከመክፈቴ በፊት ጸሎት አደርሳለሁ፤ እዚያ ላይ ስደርስ ወልዴ ትዝ ይለኝና እርግማኑን በጥርሴ መሀል እለው ነበር። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ እቀጥላለሁ። አፌ ያስተማርኩትን ነው ያነበነበው።

ጋሽ ወልዴ ሰምቶ መጣ። «እንኳን መጣህ» ልለው ፈለግሁ። እርግማኑ ወጣ። እንባዬ ወረደ።

«ግድ የለህም፣ ለእኔ እንደሆነማ አውቃለሁ» አለኝ። «እኔስ ስላንተ ያላልኩት ምን አለ? ዋንዛውን ሳልጠይቅህ መቁረጥ አልነበረብኝም።»

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ጸሎቱን ከእኔ ጋር ጀመረ። እዚያ ስንደርስ መዳፉን አፌ ላይ አድርጎ ብቻውን ጨረሰው፦ «ይቅር እንደምንል።» አስቴር መዝሙረ ዳዊቷን ገልጣ «አቤቱ፥ ለአፌ ጠባቂ አኑር» የሚለውን አነበበች።

ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላም ወልዴ በገበያ ቀን ከሺሺንዳ በሚመጣው መኪና እየመጣ፣ ፊዚዮቴራፒውን ሲያሠራኝና አብሮኝ ሲጸልይ ከረመ። አንድ ጠዋት መዳፉን አፌ ላይ ሳያደርግ ያንን ቦታ በራሴ አፍ አለፍኩት። «ይቅር እንደምንል» አልኩ። ቀስ በቀስ «ውሃ» መጣ፣ «አስቴር» መጣ፣ የመርፌና የክር ስም መጣ፤ ዛሬም ግን አንዳንድ ቃል ፈልጌ ሳጣ ደንበኞቼ ቆመው ይጠብቁኛል።

ንዴቱ ጠፋ ብላችሁ ግን አትመኑኝ። ሲመጣ እርግማኑ ከሁሉ ቀድሞ ምላሴ ጫፍ ላይ ይደርሳል፤ እኔም አፌን ዘግቼ ያችን የዳዊት ቃል በልቤ እላለሁ፣ እስኪያልፍ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ሁለቱም ደርሰውብኛል።

እግዚአብሔር ይመስገን። ሐኪሙን፣ አስቴርን፣ ወንድሜን አመሰግናለሁ። ኪኒናችሁን አታቋርጡ። ፊት ከተጣመመ፣ እጅ ከከዳ፣ ንግግር ከተኮላተፈ «ያልፋል» ሳትሉ ወደ ሐኪም ሩጡ። መጽሐፉ በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ ይላል፤ እኔ ብዙ ፀሐይ አስገብቻለሁ። ይቅርታ የምትሉት ሰው ካለ፣ አፋችሁ የእናንተ ሆኖ ሳለ በሉት።