የጋሽ ሁሴን ሚስኮል

ልጅ ሳለሁ ተረት የሚያቋርጥብኝ ሁሉ ጠላቴ ነበር። እናቴ ብትጠራኝ፣ እንግዳ ቢመጣ፣ ዝናብ ቢያስገባን እበሽቃለሁ። ከሁሉም አብልጬ የምጠላው ግን የጋሽ ሁሴንን ሞባይል ነበር።

ጋሽ ሁሴን አዳማ ውስጥ የግቢ ጎረቤታችን ነበሩ። ከአርሲ የመጡ፣ ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ሹፌርነት የጨረሱ ሰው ናቸው። ክረምት ላይ፣ ምሽቱ ሲይዝ፣ ደጃፋቸው ላይ ከሰል ያቀጣጥሉና በቆሎ እሸት ይጠብሱልናል። መብራት እንደ ልማዱ ስለሚጠፋ ፋኖስ ሚስማር ላይ ይሰቅላሉ። ያኔ የሰፈሩ ልጆች፣ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰ ፍሙ ጉልበታችንን እያሞቀው፣ ዙሪያቸውን እንኮለኮልና የአውሬውን ጉድ ሁሉ እንሰማለን። በሳቸው ተረት ጅቡ ሹፌር ይሆናል፤ ዝንጀሮው ትራፊክ ፖሊስ ሆኖ ያስቆመውና መንጃ ፈቃድ ይለዋል። በሳቅ ስንንፈራፈር ደግሞ ይቆጡናል፤ «ምን ያስገለፍጣችኋል? እኔ እኮ በራሴ የደረሰውን ነው የማወራችሁ!»

ሰፈራችን ረባዳ ቦታ ላይ ነው። ከከተማው በላይ ያለው ኮረብታ ላይ የዘነበው ውሃ ተግተልትሎ የሚወርደው ከቤታችን ጀርባ ባለው ቦይ ነው። ክፋቱ ደግሞ እኛ ጋ ጠብ ሳይል መምጣቱ። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ልብስ እንኳ ከገመድ ሳይነሳ፣ ጎርፉ ድንገት ከቦዩ ገንፍሎ ቤት ይገባል። አዲስ ገቢ ተከራይ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነበር፤ ቀና ብሎ ያይና «ደመናም የለ» ብሎ ይቀመጣል።

ጋሽ ሁሴን ግን ቀና ብለው አያዩም። መጀመሪያ ሬዲዮናቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው የአየር ትንበያውን ይሰማሉ፤ «እስቲ ሚትሮሎጂ ምን ትላለች» እያሉ። ሁለተኛው መላቸው እህታቸው አዴ ፋጡማ ነበሩ። አዴ ፋጡማ የሚኖሩት ኮረብታው ላይ ነው፤ ሞባይላቸው ውስጥ ካርድ ኖሮ አያውቅም። ስለዚህ እህትና ወንድም ተስማምተው ነበር፤ እላይ ዶፍ ከወረደ ሁለት ጊዜ ሚስኮል።

ያቺ ሞባይል ሁለቴ ጮኸች ማለት ተረቱ አበቃ ማለት ነው። ጋሽ ሁሴን በቆሎውን እሳቱ ላይ ጥለው፣ ፋኖሱን ከሚስማሩ ነጥቀው፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በየበሩ ይጮሃሉ፤ «ጎርፍ መጣ! ሎላን ዱፌ! ዕቃ አንሱ!» ሰው ፍራሹን ጠረጴዛ ላይ ይሰቅላል፣ አሸዋ የሞላ ማዳበሪያ በሩ ላይ ይደረድራል፣ ልጅ ታቅፎ ወደ አስፋልቱ ይወጣል። አንዳንዴ ጎርፉ ይመጣል፤ አንዳንዴ ቦዩ ችሎት ዝም ብሎ ያልፋል። ያን ጊዜ ሰው ያጉረመርማል። እኔም አጉረመርማለሁ፤ እኔን የሚያናድደኝ ግን የተቆረጠው ተረት በማግስቱ ከቆመበት አለመቀጠሉ ነበር።

አሥር ዓመቴ ነበር። ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶታል፤ ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው። ቦዩ ጥግ ባለችው የጭቃ ቤት የሚኖሩት ልብስ ሰፊዋ እትዬ አለምነሽ የሰፈሩን ልጆች ዩኒፎርም በሙሉ ተቀብለው ቀን ከሌት ይሰፋሉ። አንድ ቀን ማታ ጋሽ ሁሴን ጅብ ለፍየል ሠርግ ሚዜ ሆኖ የሄደበትን ተረት ጀመሩልን። ጅቡ ሱፍ ለብሷል፣ ከረባት አስሯል፣ ከሙሽራዋ ጎን ቁጭ ብሎ ምራቁን ይውጣል። ወይ ጉድ! ይችል ይሆን? እስከ ኬክ ቆረሳው ድረስ ይታገሥ ይሆን? ሞባይሏ እንደ ሁልጊዜው በተደፋ ጣሳ ላይ፣ እኔ አጠገብ ነበረች። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ዛሬስ አታቋርጪብኝም አልኩና በቀስታ አንስቼ ሳይለንት አደረግኋት። መብራቷ እንዳይታይ ደግሞ ፎጣዬ ሥር ሸጎጥኳት።

ጅቡ ኬኩ ዘንድ ሳይደርስ የቦዩን ድምፅ ሰማን።

ጋሽ ሁሴን ዘለው ተነሡ፤ ጮሁም፤ ግን ውሃው ቀድሟቸዋል። ከሰሉ ጭስስ ብሎ ጠፋ። እናቴ በክንዴ ጎትታ አስፋልቱ ላይ አወጣችኝ። እትዬ አለምነሽ የሲንጀር ስፌት መኪናቸውን ጥለው አልወጣ አሉ። ሰዎች ሮጠው ሲደርሱ ግድግዳው ተንዶ ቀኝ እጃቸው ከሥሩ ነበር። ነፍሳቸው ተረፈች። እጃቸው ግን ከዚያ ወዲያ መቀስ አልያዘም።

በማግስቱ ጠዋት ጭቃ ስንዝቅ ጋሽ ሁሴን ሞባይሏን ጭቃው ውስጥ ከቀረው ፎጣዬ አገኟት። ላስቲክ ስለለበሰች ውሃው አልገደላትም። «ስንት ይላል? አንብቢልኝ» አሉኝ።

«ሰባት ሚስኮል» አልኩ።

ሞባይሏን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ። አሁን ይናገሩኛል ብዬ ስጠብቅ ቀስ ብለው ኪሳቸው ከተቷትና አካፋቸውን አነሡ። ከኋላችን አንዱ ጎረቤት «ጋሽ ሁሴን አረጁ፤ ይኸው ረሱት» አለ። እናቴም «አይ ሰው! እሳቸው ዝም ሲሉ እኮ ሰላም ነው ብለን ነው የተቀመጥነው» አለች። «እኔ ነኝ» ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ ፈራሁና መልሼ ዘጋሁት። ያኔ ነገ እናገራለሁ ያልኩት ነገር ዓመታት ወሰደ።

ከዚያ ክረምት በኋላ ጋሽ ሁሴን አልተረቱም። ሞባይሏን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ምሽት ምሽት አጥሩ ጋ ቆመው ወደ ኮረብታው ያያሉ። ሲጮሁም ዕቃ የሚያነሣው ሰው ግማሹ ብቻ ነበር፤ ሌላው «ተዋቸው፣ አርጅተዋል» ይላል። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስደርስ ታመው ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ የኔ ለቅሶ ከየት እንደሚመጣ የሚያውቅ አልነበረም።

ባለፈው ክረምት፣ እኔም አግብቼ ወልጄ፣ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ላይ የከባድ ዝናብ ማስጠንቀቂያ መጣ። የሰፈሩ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥም ተለጥፏል፤ ከሥሩ አንዱ የሳቅ ምልክት አድርጎበታል፣ ሌላው «ሰማዩን እያያችሁ!» ብሎ ጽፏል። እግሬ አላስቀምጥ አለኝ። ነጠላዬን አጣፍቼ የድሮ ሰፈሬ ሄድኩና በየበሩ ማንኳኳት ጀመርኩ። መጨረሻ ላይ እትዬ አለምነሽ ዘንድ ደረስኩ። አሁን ቤታቸው ብሎኬት ነው፤ ጎርፉ ግን ያው ነው።

«እትዬ፣ ዕቃ ላንሣልዎት» አልኳቸው። ፍራሹን፣ የዱቄቱን ጆንያ፣ የመታወቂያና የካርታውን ፌስታል ከፍ አድርጌ ስሰቅል ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ያዩኛል። ያቺን እጅ እያየሁ መቻል አቃተኝ። ጆንያውን እንዳቀፍኩ ነገርኳቸው፤ ተረቱን፣ ሳይለንቱን፣ ፎጣዬን፣ ሁሉንም።

«ምን አልሽኝ?» አሉ።

«እኔ ነኝ እትዬ። ጋሽ ሁሴን ያን ማታ ምንም አያውቁም ነበር።»

«ኧረ በማርያም!» አልጋው ጫፍ ላይ ዘጭ አሉ። «ሰውዬው እኮ ከሆስፒታል ስመለስ እዚህ በሬ ላይ መጥተው ‹ልጆቹ ተረት እንዲሰሙ ብዬ ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ ለአላህ ብለሽ ይቅር በይኝ› ብለው ለመኑኝ። በሩን ፊታቸው ላይ ዘጋሁት። እስኪሞቱ ሰላም አላልኳቸውም። ልጄ… ለቅሶ እንኳ አልደረስኩም!»

ጋሽ ሁሴን እኮ እንኳን ድምፅ ሊዘጉ፣ ስንት ሚስኮል እንዳለ ለማወቅ እኔን ነበር የሚጠይቁት። ይህን ለእትዬ አለምነሽ ልነግራቸው ብዬ ተውኩት፤ በግራ እጃቸው ፊታቸውን ሸፍነው ያለቅሱ ነበር። ይቅርታ ልጠይቅ ጎንበስ ስል «እኔን ተይኝ» አሉ። «እኔ ቆሜ አለሁ። የሳቸውን ይቅርታ ለማን እንሰጠው?»

ጎርፉ የዚያን ቀን ቦዩን ሳይሞላ አለፈ። ዕቃውን በማግስቱ ሄጄ አወረድኩላቸው።

አሁን ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው። ማታ ማታ ሹፌሩን ጅብና ትራፊክ ፖሊሱን ዝንጀሮ ስተርትላት እንደኛው በሳቅ ትንፈራፈራለች። «እማዬ፣ ይሄን ማን ነገረሽ?» ትለኛለች። ጋሽ ሁሴን የሚባሉ ጎረቤት ነበሩን እላታለሁ። «ጥሩ ሰው ነበሩ?» ትላለች። «በጣም» እላታለሁ። ከዚያ የሚቀጥለውን እስካሁን አልነገርኳትም።