የሰባተኛው ቤት መጋረጃ

በእኛ ሰፈር መጋረጃ ሰፊዋን በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ «እትዬ ሜትር» ናቸው። ሜትር ከአንገታቸው ስለማይጠፋ ነው የሚል አለ፤ እውነቱ ግን ስለማይጠቀሙበት ነው። ደንበኛ ቤት ገብተው መስኮቱ ፊት ቆም ይላሉ፣ አንድ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ «ሁለት ከአርባ» ይላሉ። ደንበኛው ካላመነ ብቻ ሜትሩ ከአንገት ይወርዳል። ሁለት ከአርባ ሆኖ ይገኛል። ያን ጊዜ እትዬ ሜትር ሜትሩን ቀስ ብለው ወደ አንገታቸው ይመልሳሉ፤ አመላለሳቸው ግን ከጉራ ይብሳል።

ሱቃቸው ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። ጎረቤቶቿ ግን አንድ ባንድ ተለወጡ። ወፍጮ ቤቱ ጂም ሆነ፤ ድሮ ሰው ጆንያ ላለመሸከም ይለምን የነበረበት በር፣ ዛሬ ከፍሎ ብረት ሊሸከም ይገባበታል። ጎማ ጠጋኙ ሄዶ በቦታው ኬክ ቤት ተከፈተ። ሬዲዮ ሠሪው የነበረበት ክፍል ጥፍር ማሳመሪያ ሆነ። እትዬ ሜትር ይህን ሁሉ በዓይናቸው አይተዋል፤ አልተቀበሉትም እንጂ። አንድ ቀን አንዲት ወጣት ኬክ ቤቱ የት እንደሆነ ብትጠይቃቸው፣ «ጎማ ጠጋኙ ጋ ነው፣ የኔ ልጅ» ብለው ሰደዷት። ልጅቷ ጎማ ፍለጋ ሰፈሩን ሁለት ጊዜ ዞረችው።

ትልቁ ለውጥ ግን የእንጨት መሸጫው ግቢ ነው። እንጨቱ ተነሣ፣ አጥሩ ፈረሰ፣ በቦታው አሥራ ሁለት ቤቶች ተደረደሩ። ሁሉም ባለ አንድ ፎቅ፣ ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም ግራጫ በር ያላቸው፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀው የቆሙ። ቁጥር እንኳ ገና አልተለጠፈባቸውም። «አንድ እናት የወለደቻቸው መንታዎች አሉ፤ አሥራ ሁለት ሆነው ሲመጡ ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው» አሉ እትዬ ሜትር። አፋቸው ይናገር እንጂ ልባቸው ደስ ብሎታል። በቤት ስምንት መስኮት፣ ሲባዛ በአሥራ ሁለት፤ ይህን ሒሳብ እትዬ ሜትር የጨረሱት ግንበኞቹ ጣሪያውን ሳይከድኑ ነው።

የመጀመሪያዋ ደንበኛ ነርስ ናት። በመኪናዋ አሳፍራ፣ በአዲሱ ትልቅ በር አስገብታ ሳሎኗን አሳየቻቸው። እሳቸውም አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ለኩ። በወፍራም አረንጓዴ መጋረጃና በስስ ነጭ ተስማሙ።

«ሲያልቅ እኔ ሥራ ላይ ብሆንም ገብተው ይስቀሉት፤ ቀለም ቀቢዎች ስላሉ በሩ ክፍት ነው። ሰባተኛው ቤት ነው። እንዳይጠፋዎት፣ እትዬ» አለቻቸው።

«እኔን? እዚህ ሰፈር?» አሉና ሳቁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መጋረጃው አለቀ። መሰላሉን የሚሸከሙት ባለቤታቸው ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር። ሱቁ ቅርብ ስለሆነ በእግራቸው ሄዱ፤ በጀርባ በኩል፣ ድሮ የእንጨት መሸጫው በር በነበረበት ጫፍ።

«ሰው ብንጠይቅስ?» አሉ ባል።

«ምን ይጠየቃል? በሩ እዚህ ነው፤ ከዚህ ይቆጠራል።»

በሩ እዚያ አልነበረም። ከፈረሰ ሁለት ዓመት ሆኖታል። አዲሱ በር በወዲያኛው ጫፍ ነው፤ ከአሥራ ሁለት ቤት ደግሞ ከዚህ ጫፍ ሰባተኛ የሆነው ከዚያኛው ጫፍ ስድስተኛ ነው። ይህን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያሻም፤ መጠየቅ ይበቃል። እትዬ ሜትር ደግሞ መጠየቅ አይወዱም።

እንዳጋጣሚ በዚያኛውም ቤት ቀቢዎች ፎቁን እየቀቡ ነበር፤ በሩም ክፍት ነው። ባልና ሚስቱ ሳሎኑ ውስጥ መጋረጃውን ሰቀሉ። መጋረጃው በልኩ ተሠርቶ የኖረ ይመስል ቁጭ አለ። «አየህ? አንዲት ጣት እንኳ አልተረፈችም!» አሉ እትዬ ሜትር፤ ኮርተው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ማምሻውን ነርሷ ደወለች።

«እትዬ፣ ዛሬ አልመጡም እንዴ?»

«ምን ማለትሽ ነው! ሦስቱንም መስኮት ሰቅዬ፣ እጥፋቱን አስተካክዬ ነው የወጣሁት!»

«እንጃ እንግዲህ፤ እኔ ሳሎኔ ውስጥ ቆሜ አላፊ አግዳሚው ሰላም እያለኝ ነው።»

እትዬ ሜትር ስልኩን ዘግተው ከአዲሱ በር ጀምረው ቤቶቹን በጣታቸው ቆጠሩ። ባለቤታቸው ነገሩን ሲሰሙ ፊታቸውን አኮሳትረው ወደ መታጠቢያ ቤት ገቡ። ሳቃቸው በበሩ ሥር ሾልኮ ይሰማ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ሁለቱም ሄደው ስድስተኛውን ቤት አንኳኩ። ከገባች ሳምንት ያልሞላት አስተማሪ ከፈተች። ሜትሩን አንገታቸው ላይ ስታይ ፊቷ በራ።

«የሰፉት እርስዎ ነዎት አይደል? ግቡ፣ ግቡ! ሁለት ወር ሙሉ ባሌን መጋረጃ ብዬ ስጨቀጭቀው እሺም እምቢም አይለኝም ነበር። ለካ በሆዱ ይዞት ኖሯል! ትናንት ደውዬ ሳመሰግነው ‹ምን አላት ይቺ› አለኝ።»

ከኋላዋ ባሏ የሻይ ብርጭቆ ይዞ ቆሟል። ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ነው፤ አሁን ግን ራሱ ሊደረመስ የደረሰ ይመስላል። እትዬ ሜትርን በዓይኑ ይለምናል።

እትዬ ሜትር ምላሳቸውን ይዘው አያውቁም። ያን ዕለት ግን ልጁ አሳዘናቸው።

«ስፌቱ የኔ ነው፣ የኔ ልጅ» አሉ። «የቀረውን ባልሽ ይንገርሽ።»

መሐንዲሱ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ... ማለቴ... በጣም ደስ ብሎሽ ነበር። ደስታሽን ላበላሽ አልፈለግሁም። ማን እንደሰቀለው እኔም አላውቅም።»

«አውቄያለሁ እኮ» አለች ሚስት። «አምስት ዓመት አብረን ስንኖር አንዲት ምስማር ያልመታህ ሰውዬ! እስከ መቼ እንደምትኮራ ልይ ብዬ ነው። ትናንት እራት ላይ ስለ ጨርቁ ጥራት ስታስረዳኝ ልፈነዳ ነበር።»

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ እትዬ ሜትር ቀስ ብለው። «አቆጣጠሩን ተሳስቼ ነው።»

ባለቤታቸው መሰላሉን መሬት አስቀመጡ። «እስቲ ድገሚው፤ በደንብ አልሰማሁም።»

«አንተ ሰውዬ!»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ስጠብቀው ነው የኖርኩት፤ ድገሚልኝ።»

ሳቁ ሳያልቅ ነርሷ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ከጎረቤት መጣች። መጋረጃዎቿን አየች፤ ቀረብ አለች፣ ራቅ አለች።

«እትዬ፣ አይቀየሙኝና... ተሰቅሎ ሳየው ይከብዳል። ለነሱ ወንበር ግን እንዴት አምሮበታል! እነሱ ከወደዱት እዚሁ ይቅር፤ ለኔ ፈካ ያለ ቢጫ ይስፉልኝ።»

አስተማሪዋ ባሏን ዞራ አየችው። መሐንዲሱ ዋጋውን እንኳ ሳይጠይቅ «እንወስደዋለን» አለ። በዚያ ሁሉ ወሬ ውስጥ ራሱን ችሎ የወሰነው ነገር ይህ ብቻ ነው።

ቢጫው በሳምንቱ ተሰቀለ፤ ሰባተኛው ቤት ውስጥ፣ ነርሷ ራሷ ቆማ እያየች። ወሬው ከቤት ቤት ሲዞር መጋረጃውን ለማየት የገቡ አራት ጎረቤቶች እዚያው ልኬት አስያዙ። ስህተት እንዲህ ገበያ ያመጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ ከሁሉ በላይ ያላሰቡት ደግሞ እትዬ ሜትር ናቸው። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናቸው አላረፈም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መሐንዲሱ ብቻውን ሱቁ መጣ። ሚስቱ የመኝታ ቤቱን መጋረጃ ራሱ መርጦ እንዲያዝ ፈርዳበታለች። ጨርቁን አንድ ባንድ እየዳሰሰ፣ ድልድይ እንደሚፈትሽ ሰው እየሳበ፣ ብዙ ቆየ።

«የግድግዳው ቀለም ምንድን ነው፣ ልጄ?» አሉት እትዬ ሜትር።

ጣሪያውን አየ፤ ጫማውን አየ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ደወለ።

«ስሚማ... የመኝታ ቤታችን ግድግዳ ቀለሙ ምን ዓይነት ነው?»

ከስልኩ ውስጥ የወጣው ሳቅ ጂሙ ድረስ ተሰማ።