ፊት የሌለባቸው የሰርግ ፎቶዎች

ጅጅጋ የሄድኩት ታላቅ እህቴን ተከትዬ ነው። እሷ መንግሥት መሥሪያ ቤት ተመድባ፣ እኔ ደግሞ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ሥራ ፈትቼ። ከሥዕል በቀር የምመሰገንበት ነገር አልነበረኝም። አንድ ፎቶ ቤት ሰዎች ቆመው የሚነሡበትን መጋረጃ ሳዪልኝ ሲለኝ ባሕርና ዘንባባ ሳልኩለት፤ ባለቤቱ ወደደውና ቀጠረኝ።

በሁለተኛው ዓመት እህቴ ተዛወረች። "ነይ አብረን እንሂድ" ብትለኝ፣ "ሥራዬስ?" አልኳት። መኪና ላይ አሳፍሬያት ስመለስ ክፍላችን ሰፋብኝ። ለብዙ ቀናት ሻይ ለሁለት ሰው አፈላ ነበር።

ካሜራ ያስያዘኝ የፎቶ ቤቱ ባለቤት ነው። ወንድ እንዲያነሣቸው የማይፈልጉ ሴቶች ሲመጡ "በይ አንቺ አንሺያቸው" ይለኛል። አንድ ቀን ገበያ ውስጥ ወርቅ የሚሸጡ እናት መጡ። ሁሉም ሰው "ሆዮ" ይላቸዋል፤ በሶማልኛ "እናቴ" እንደማለት ነው። ከሻርፓቸው ጫፍ ሀብል ፈትተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ።

"ይቀመጡ፣ ላንሣዎት" አልኳቸው።

"እኔን ምን ታደርጊኛለሽ? እሱን አንሺ። ድሬዳዋ ያለች ደንበኛዬ አይታ ትመርጣለች።"

በፍላሽ አነሣሁት። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ሀብሉ ነጭ ሆኗል። ሆዮ ፎቶውን አገላብጠው አዩትና "ወርቄን ምን አመመው?" አሉኝ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ እኔ ግን መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ከዚያ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ የራሴን የወርቅ ጉትቻ መስኮት ሥር አስቀምጬ ስታገል ሰነበትኩ። ፍላሹን ተውኩት። ፀሐይዋን በነጭ አንሶላ ስጋርዳት ወርቁ ቀለሙን አወጣ። ሀብሉን እንደገና አንሥቼላቸው ሆዮ ሁለተኛውን ፎቶ ሲያዩ "አሁን ዳነ" አሉ።

እሳቸው ለሌሎቹ ነገሩ። ቀስ በቀስ ወርቅ ሠሪዎችም፣ ሙሽራ ያለባቸው ቤተሰቦችም ይጠሩኝ ጀመር፤ ደገሀቡር ድረስ ሄጃለሁ። የሙሽራዋ ፊት እንዲታይ የማይፈልጉ ብዙ ስለነበሩ የማነሣው ወርቁን፣ ቢበዛ ሂና የተቀባ እጅ ነው። አንድ ጓዳ ይሰጡኛል። በግድግዳው ማዶ ከበሮና ዘፈን እየሰማሁ አምባር አስተካክላለሁ። ምግብ በትልቅ ሰሃን ይመጣልኛል፤ ለአራት ሰው የሚበቃውን ብቻዬን እቀመጥበታለሁ። ክፉ የተናገረኝ የለም። ነይ ተቀላቀይ ያለኝም የለም።

ቶጎጫሌ ላይ ግን አንዲት ሙሽራ ራሷ ጓዳው ድረስ መጣች። ጅጅጋ የተማረች ስለሆነች አማርኛዋ ጥሩ ነበር። ቀለበቶቿን አጥልቄላት እጇን የዘረጋሁት ጨርቅ ላይ ሳስቀምጥ መልሳ ትሰበስበዋለች።

"ትንሽ ታገሺኝ፣ ፎቶው እንዳይደበዝዝ" አልኳት።

"የማገባውን ሰው በስልክ ነው የማውቀው። ሩቅ አገር ነው ያለው" አለችኝ። ቀጥላ "አንቺ እዚህ ማን አለሽ?"

"ማንም።"

"ታዲያ እንዴት ቻልሽው?"

 ካሜራውን አስቀምጬ እጇን ያዝኩት። ከእህቴ ወዲህ የሰው እጅ እንደዚያ ይዤ አላውቅም። "እስኪጠሩኝ ድረስ አጠገቤ ሁኚ" አለችኝ። ወዲያው ከውጭ የሚኒባሱ ረዳት "ጅጅጋ! የመጨረሻ!" እያለ ሲጣራ ሰማሁ። "መኪናው ጥሎኝ ሊሄድ ነው" አልኳትና ዕቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ። ሚኒባሱ ሞልቶ እስኪነሣ ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆመ። ወርጄ መመለስ እችል ነበር፤ አፍሬ ተቀመጥኩ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የራሴን ፎቶ ቤት ከፈትኩ። አንድ ቀን የቶጎጫሌዋ ሙሽራ እናት ፎቶዎቹን ሊያባዙ መጡ። ደህና እንደሆነች፣ ሁለት ልጆች እንደወለደች ነገሩኝና ስልክ ቁጥሯን ሰጡኝ። እሑድ ከሰዓት፣ ብዙ ካመነታሁ በኋላ ደወልኩ።

"ወርቅሽን ያነሣሁት ነኝ፤ ቶጎጫሌ።"

 ከኋላዋ ልጆች ይንጫጫሉ።

"አሃ፣ ፎቶ አንሺዋ!" አለች በመጨረሻ። "ፎቶዎቹ በጣም ያምሩ ነበር። ምነው፣ በሰላም ነው?"

"በሰላም ነው። እንዴት ነሽ ልልሽ ነው።"

"ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ" አለችኝ፤ እንደ ጨዋ ልጅ። እኔም አመሰግናለሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።