ቅሬ የሄድን ቀን የተወሰነው ማንነታችን

ፊደል ያስቆጠረኝ ሰው የለም። ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ እየለቀምኩ ራሴን አስተማርኩ። ዛሬ በመካነ ሰላም መጽሐፍ ቅዱስን ከእኔ አብልጦ የሚያስረዳ ካለ ይምጣ እላለሁ፤ እስካሁን የመጣ የለም። ስለዚህ እኛ ጥቂት ወንጌላውያን ስለ ማንነታችንና ስለ ወደፊት ራእያችን ልንወያይ አዳራሻችን ስንሰበሰብ፣ ዋናው ተናጋሪ እኔ እንደምሆን አልተጠራጠርኩም።

ከደሴ የመጣው አሠልጣኝ ግድግዳው ላይ ትልልቅ ወረቀት ለጥፎ ጠዋቱን ሙሉ «እኛ ማን ነን?» እያለ አስጻፈን። እኔ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሼው ነበር፤ ከሌሎቹ ጋር ቀላቅለው አበላሹብኝ። እሱንም ታገሥኩ። ያላስቻለኝ የመጨረሻው ነጥብ ነው፦ አባላት ሁሉ ከሰፈር ቅሬ፣ ከዕድሩ ማለት ነው፣ ወጥተን የራሳችንን የቀብር ማኅበር እናቋቁም የሚለው። በሰፈራችን ቅሬ ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ እኛም አለንበት። ባለቤቴን የቀበረልኝ እሱ ነው። እኔንም እንዲቀብረኝ የምሻው እሱ ነው።

ተነሥቼ ከኦሪት ጀመርኩ። አብርሃም ለሣራ መቃብር የለመነው እምነቱን የማይጋሩትን ጎረቤቶቹን እንደነበር ሳስረዳ፣ የስብሰባው መሪ፣ በዕድሜ ልጄ የሚሆን መምህር፣ ሰዓቱን አየ።

«ጋሼ፣ ሐሳብዎ ተይዟል።»

«የት ተያዘ? ወረቀቱ ላይ አላየሁትም።»

«በልባችን።»

ሰው ሳቀ።

ለምሳ ስንነሣ የቅሬው ለፋፊ በደጅ አለፈ። አንድ ሙስሊም ጎረቤታችን ዐርፈዋል። ድምፅ የሚሰጠው ከምሳ በኋላ ነበርና ለነገ እንዲያሳድሩልን ጠየቅኩ። መሪው አሠልጣኙ ማታውኑ ወደ ደሴ እንደሚመለሱ ነገረኝ። ምን አደርጋለሁ፣ ወጣሁ። ገበሬውም ነጋዴውም፣ ቅሬ ያለው ሁሉ ተከተለኝ።

መቃብሩ ዳር የሟች ወንድም አካፋውን ሲያቀብለኝ፣ «ስብሰባ ላይ ነበራችሁ አሉ፤ ምን ስትነጋገሩ?» አለኝ።

«ማን እንደሆንን።»

«ወላሂ፣ እኛን ብትጠይቁን እንነግራችሁ ነበር።»

አፈሩን ከእጄ ሳላራግፍ ስመለስ አሠልጣኙ ወረቀቱን እየጠቀለለ ነበር። ነጥቡ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል። አዳራሹ ውስጥ የቀሩት ከሌላ አገር ተመድበው የመጡ መምህራንና የቢሮ ሠራተኞች ናቸው፤ እነሱ ሲሞቱ ሬሳቸው ወደ ትውልድ ቀያቸው ይሄዳል።

«አንድም የተቃወመ የለም?» አልኩት መሪውን።

«የለም፣ ጋሼ። ሁሉም እጁን አወጣ።»

«የሚቃወመው ሁሉ አፈር ሲመልስ ነበር እኮ።»

«ደንቡ በስብሰባው ላይ በተገኙት አባላት ድምፅ ይወሰናል ነው የሚለው።»

ደንቡን ያረቀቅኩት እኔ ነኝ። ያን አንቀጽ ሦስት ጊዜ አርሜዋለሁ፤ ጠበቃ ቢያየው እንከን አያገኝበትም።

እስከ ፋሲካ ከየቅሬያችን መልቀቂያ እንድናመጣ ታዘናል። እኔ አላመጣም። እሑድ እሑድ ከፊተኛው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ የሚያስነሣኝ ሰው እስኪመጣ እየጠበቅኩ ነው።