ሰልዊን የሚሞትባቸው ረቡዖች

ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት ነጯ የሽርሽር መርከብ ወደቡ ላይ ስትቆም የደሴቲቱ ዋና ከተማ ሴንት ጆርጅ በመርከቧ ጥላ ውስጥ ትገባለች። መርከቧ ከከተማዋ ትበልጣለች፤ ላይኛው ፎቋ ላይ አንዱ መንገደኛ ቢያስነጥስ ገበያ ውስጥ ያሉት ቅመም ሻጮች «ይማርህ» ይላሉ። ከዚያ በሯ ይከፈትና ሕዝብ ይፈስሳል። ገሚሱ ቅመም ሊያሸት፣ ገሚሱ አሸዋ ላይ ተጋድሞ ሊጠበስ፣ ጥቂቱ ደግሞ ወደ ኦስበርት።

የኦስበርት ሥራ ለእነዚህ እንግዶች የመጥለቂያ አየር ጠርሙስ አሸክሞ፣ ባሕር ወለል ላይ የተኛችውን የሰመጠች መርከብ «ሌዲ አግነስ»ን አሳይቶ፣ ያስገባቸውን ያህል መልሶ ማውጣት ነው። ስልሳን ተሻግሯል፤ ብቻውን ይኖራል። ከረቡዕ በቀር የሚያናግረው የለም ብንል ግን እናጋንናለን፤ ዶሮዎቹን ያናግራል።

ጀልባዋ ከባሕር ዳር ፈቀቅ ስትል ተነስቶ ይቆምና ድምፁን ያጎረንናል። «ክቡራትና ክቡራን! ከእግራችሁ በታች የተኛችው መርከብ በማዕበል ነው የሰመጠችው። እኔ የመርከቧ ወጥ ሠሪ ነበርኩ።»

ማዕበሉ በመጀመሪያው ዓመት የዘንባባ ዛፍ ያክል ነበር። በአምስተኛው የካቴድራሉን ማማ አለፈ። ዘንድሮ ደመና በስቶ ወጥቶ አንድ አውሮፕላን አቅጣጫ አስቀይሯል። የጭነቱም ነገር እንዲሁ ነው፤ ሲሚንቶና ሽንኩርት የነበረው እያደር የአንዲት ልዕልት ጥሎሽ ሆኗል።

«ያን ጊዜ መካኒኩ ሰልዊን የሞተሩን ክፍል በር ከውስጥ ዘጋ። ‹ኦዚ፣ ሂድ! አንተ ኑር!› አለኝ። እነሆ አሥራ ስምንት ዓመት።» ከዚያ ኦስበርት የረም አረቄ ጠርሙስ ያወጣል። በዚህ አገር ሰው ለሙታኑ ሳያቀምስ አይጠጣም። አንድ ክዳን ሙሉ ባሕሩ ላይ ያፈስሳል፣ ዓይኑ እንባ ያቀርራል፣ እንግዶቹም አብረው ያነባሉ። የጀልባዋ ነጂ ሚስ ዩላሊ ብቻ መሪዋን ይዛ «ይሄ ሰው አንድ ቀን ታቦት ያስቀርጽለታል» ትላለች ለራሷ።

እውነቱን እሷ ታውቀዋለች። «ሌዲ አግነስ» የሰመጠችው መልህቋን ጥላ ቆማ፣ ፀጥ ባለ ቀን፣ በአንድ የዛገ ቧንቧ ነው። ያውም እንዴት ቀስ ብላ! መርከበኞቹ ምሳቸውን ጨርሰው፣ ድመቷን ይዘው፣ ጫማቸው ሳይርስ ወረዱ። ሰልዊንም በወሩ የሆላንድ ጭነት መርከብ ላይ ተቀጥሮ ሄደ። «እንደደረስኩ እጽፍልሃለሁ፣ በእናቴ!» ብሎ ማለ። አብረው የበሉ፣ አብረው የተሳደቡ፣ በአንድ ጠባብ ክፍል ላይና ታች የተኙ ጓደኛሞች ነበሩ።

ኦስበርት ጠበቀ። የፖስታ ቤቷ ሴትዮ በኋላ በኋላ ገና መንገድ ማዶ ስታየው «የለም!» ብላ መጮህ ጀመረች። ከዚያ አንድ ረቡዕ፣ አንዲት እንግዳ «የሞተ ሰው ነበር?» ብላ ጠየቀችው። ኦስበርት ትንሽ አሰበና «አዎ» አለ። ስላለም ቀለል አለው።

የሞተ ተጎዳ ይባላል፤ ሰልዊን ግን ሞቶ ነው የከበረው። በሕይወቱ ሰነፍና ካርታ አጭበርባሪ ነበር፤ ከሞተ በኋላ አንድም ረቡዕ ቀርቶ አያውቅም። እንግዶቹ ዓሣ ሲያባርሩ ኦስበርት በሞተሩ ክፍል መስኮት በኩል አንገቱን አስግጎ የሳምንቱን ወሬ በልቡ ይነግረዋል፤ የጣራውን ማፍሰስ፣ የዶሮዋን መጥፋት። ሰልዊን ይሰማል። እንደ ሟች የሚሰማ የለም።

ታዲያ ዘንድሮ አንድ ረቡዕ፣ ኦስበርት አልቅሶ አስለቅሶ ክዳኑን እንዳፈሰሰ፣ ከኋላ አግዳሚ ድምፅ መጣ።

«ኦዚ፣ ጠርሙሱን ወደዚህ በለው እንጂ! ይህን ሁሉ ዓመት አፍስሰህልኝ አንዲት ጠብታ አልደረሰችኝም።»

ኦዚ ብሎ የሚጠራው በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ሞቷል። ኦስበርት ቀና ሲል ሽበታም ጺም ያለው፣ ሆዱ እንደ ከበሮ የተወጠረ መንገደኛ ጥቁር መነጽሩን አውልቆ ይስቃል።

«በስመ አብ! ሰልዊን!» አለች ሚስ ዩላሊ። «ወፍረህ ነው እንዴ የተነሳኸው? የእኛ ሙታን ይከሳሉ!»

«የሆላንድ አይብ ነው ዩላሊ።»

ገና እንባዋን ያልጠረገች አንዲት እንግዳ ግራ ተጋባች። «ታዲያ የሞተው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ እመቤቴ» አለ ሰልዊን እጇን ጨብጦ፤ «ስላዘኑልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ጀልባዋ በሳቅ ተናወጠች። ኦስበርት ብቻ ባዶውን ክዳን እንደያዘ ቀረ።

አብረው ጠለቁ። ሰልዊን መጥለቅ የተማረው ሮተርዳም ውስጥ፣ የዋና ገንዳ ውስጥ ነበርና እንደ ጉማሬ ይንፈራገጣል። የሞተሩ ክፍል ሲደርሱ ግን ረጋ አለ። በዛጎል የተለበጠውን ሞተር እንደ ድሮ ፈረሱ ዳበሰው። ኦስበርት አጠገቡ ተንሳፈፈ። በየረቡዑ ወሬ የማያልቅበት ቦታ ላይ፣ ዛሬ የሚነግረው ጠፋው።

ወደ ላይ ወጥተው እንግዶቹ ሐብሐብ ሲበሉ፣ ሁለቱ የጀልባዋ አፍንጫ ላይ ተቀመጡ።

«ለምን ገደልከኝ አንተ?»

«የሞተ ሰው ለምን አልጻፈም አይባልማ።»

ሰልዊን ሐብሐቡን አስቀመጠ። «ዛሬ ነገ ስል እኮ ነው። መጀመሪያ አድራሻ አልነበረኝም። ከዚያ አገባሁ። ከዚያ ደግሞ መቆየቱ ራሱ አሳፈረኝ።»

«ምሳ እኔ ቤት ነው» አለ ኦስበርት ባሕሩን እያየ። «ኦይል ዳውን እሠራለሁ።»

ኦይል ዳውን በትልቅ ድስት፣ በኮኮናት ወተት ቀስ ብሎ የሚበስል የሰፈር ምግብ ነው፤ ለአንድ ሰው የሠራ እስካሁን አልተወለደም። የኦስበርት ድስት ግቢው ውስጥ ተደፍቶ የዶሮ መቆሚያ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል።

ሰልዊን ሰዓቱን አየ። «መርከቧ በአሥር ሰዓት ትነሳለች፤ ልጆቼ ይጠብቁኛል። እሁድ እደውልልሃለሁ ኦዚ፣ በእናቴ!»

«እናትህን አታስገባ። ባለፈውም በእሷ ነው የማልከው።»

ተሳሳቁ። ኦስበርት ቁጥሩን የሰልዊን ስልክ ላይ ጻፈለት፤ ተቃቀፉ። በአሥር ሰዓት ነጯ መርከብ ጥላዋን ጠቅልላ ሄደች።

እሁድ ኦስበርት ስልኩን መስኮቱ ላይ አስቀመጠ። አልጮኸም። ምናልባት የአውሮፓ እሁድ ዘግይቶ ይገባ ይሆናል ብሎ ሰኞንም ጠበቀ። ረቡዕ ዕለት ለእንግዶቹ እውነቱን ነገራቸው፤ «ሁሉም ተረፉ። ድመቷም።» አንድ ሽማግሌ ጨው የሌለው ሾርባ እንደቀረበለት ሰው «ማንም አልሞተም? አንድ እንኳ?» አለ።

የባሰው ግን ታች ነበር። በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ «ዶሮዋ ተመለሰች እኮ» ሊል ከጀመረ በኋላ፣ ሰልዊን እዚያ እንደሌለ ትዝ አለው። ሰልዊን ሮተርዳም ነው፣ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነው። ሞተር ብቻ ቀረ።

እንዲህ እያለ ወራቱ አለፉ፤ የጉብኝት ወቅቱ የመጨረሻዋ መርከብ መጣች። ኦስበርት ንግግሩን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨርሶ ሲቀመጥ አንዲት ወጣት እንግዳ እጇን አወጣች። «የሞተ ሰው ነበር?»

ኦስበርት ከላስቲክ ከረጢቱ ስልኩን አውጥቶ አየ፤ የደወለ የለም። መልሶ ጠቀለለው። ሚስ ዩላሊ ዞር ብላ ትመለከተዋለች።

«ሰልዊን የሚባል መካኒክ ነበረን» አለ።

«ሞተ?»

«ኧረ አልሞተም!» አለ ቆጣ ብሎ። «ታሟል።»

«በጠና?»

«በጠና ነው እንጂ። አልጋ ከያዘ ቆየ። ተናገር ቢሉት አይናገር፣ ጻፍ ቢሉት አይጽፍ።»

እንግዶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ኦስበርት የረሙን ጠርሙስ አወጣ፣ ክዳኑን ሞላ፣ ግማሹን ባሕሩ ላይ አፈሰሰ። ሚስ ዩላሊ ሞተሩን አስነሳች።

ኦስበርት የቀረውን ግማሽ መልሶ ጠርሙሱ ውስጥ ጨመረው። አይታወቅም፤ ሊሻለው ይችላል።