«በሞቴ» የሚያስብል እምቢ

ማንኪያ የሻይ ብርጭቆ ሲነካ የሚያወጣው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬን ያቆመዋል። እዚህ ደብረ ታቦር ሻይ ቤት ተቀምጬ አንዱ ስኳሩን ሲያማስል ድንገት ቀና እላለሁ፤ የሆነ ሰው የተሳሳተ ይመስለኛል።

ድምፁ የሐሙሲት ነው። ከገበያው ጀርባ፣ ከሽንኩርት መጋዘን ጋር ግድግዳ የምትጋራ አንዲት ክፍል ነበረች። ቆርቆሮዋ በምስማር የተበሳሳ ስለነበር ብርሃኑ በቀጭን በቀጭኑ መሬቱ ላይ ይወርዳል። በክረምት የሽንኩርቱ ሽታ ከእርጥብ አፈር ጋር ተቀላቅሎ ዓይን ያቃጥላል። እዚያ ከዓረብ አገር የተመለሰች ሴት፣ ሊሄዱ ለተዘጋጁ ልጃገረዶች ቋንቋውን ታስተምር ነበር። እህቴ ከተማሪዎቹ አንዷ ነበረች። አባታችን ሴት ልጅ ብቻዋን ከተማ አትውልም ስላሉ እኔ አብሬያት እየሄድኩ ደጃፉ ላይ እቀመጥ ነበር። ትምህርቴን ከሦስተኛ ክፍል ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ ከዚያ ወዲያ ያወቅሁትን ሁሉ እንዲህ ከደጃፍ ተቀምጬ ነው ያወቅሁት።

መምህሯ በሩ እንዲዘጋ አትፈቅድም። ወጨፎው ወደ ውስጥ ሲገባ እንኳ ወንበሯን ታሸሻለች እንጂ በሩን አትገፋም። ሁልጊዜ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ፣ ሻይዋን አጠገቧ በርጩማ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች። ምክንያቱን የጠየቃት የለም።

የገረመኝ አስተራረሟ ነው። እኔ የማውቀው አስተማሪ ለእያንዳንዱ ስሕተት መዳፍ የሚገርፍ ነበር። እሷ ግን ልጆቹ ለሴት የሚባለውን ለወንድ ቢሉ፣ ውሃውን ከወተት ቢያምታቱ፣ «እዚያ ያሉት ይገባቸዋል፤ ቀጥሉ» ብላ ታልፋለች። ማንኪያዋ ብርጭቆውን የሚመታው በአንድ ቃል ብቻ ነበር፤ በ«ላ»። በዐረብኛ እምቢ ማለት ነው።

አንዲት ፊደል ናት፤ ሕፃን ይላታል። ልጆቹ ግን አንገታቸውን ደፍተው፣ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ ፈገግ እያሉ ነው የሚሏት። ማንኪያው ቅጭል ይላል። «አልሰማሁሽም። ድገሚው።» ልጅቷ ትደግማለች። ቅጭል። አንድ ቀን መምህሯ ማረሙ ሲሰለቻት፣ «ይሄ እኮ ድግስ ላይ በቃኝ የምትሉት እምቢ ነው» አለቻቸው። «በሞቴ እንድትባሉ ነው የምትሉት። እዚያ በሞቴ የሚል የለም።»

ልጆቹ ሳቁ። አንዷ፣ «እትዬ፣ እኛ እኮ ሳንለመን በልተን አናውቅም» አለች። መምህሯ አልሳቀችም።

እህቴ ከሁሉም ትብስ ነበር። ቃሉ ጠፍቷት አይደለም። ወደ ቤት ስንመለስ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆማ «ላ» ብላ ትጮህና ማዶው ሲመልስላት በሳቅ ትፈርሳለች። «ሰማኸኝ ወንድም ጋሼ? ተራራው እንኳ ፈራኝ» ትለኛለች። ለገደል ትለዋለች፤ ለሰው ፊት ግን አይወጣላትም።

ከዚያ የፈተናው ቀን መጣ። መምህሯ ከወንበሯ ተነስታ ድምጿን ለወጠች፤ የቤት እመቤት ሆነች። በዐረብኛ፣ ተነሺና በሩን ዝጊው፣ አለቻት እህቴን። የሚጠበቅባት ያቺኑ አንዲት ቃል ማለት ነበር፤ ያ በር ተዘግቶ አያውቅምና። እህቴ ተነሳች። ወደ እኔ መጣች። ዓይኔን ሳታይ በሩን ዘጋችብኝ።

ካፊያው ላይ ቀረሁ። ከውስጥ ማንኪያው ብርጭቆውን ሲመታ፣ ብርጭቆውም ሲሰበር ሰማሁ።

በሩን መልሳ የከፈተችው ራሷ መምህሯ ናት፤ ትንፋሽ አጥሯታል። «አባትህን ንገራቸው» አለችኝ። «ይህች ልጅ ገና አልደረሰችም። ትቆይ።»

ነገርኳቸው። አባታችን ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እንደ እኔው ሥርዓት የሚወዱ ነበሩ። «እሺ ይበልጣል ከሺ ብዬ ነው ያሳደግኋት፤ ታዛዥነቷ የትም ያኖራታል» አሉ። ያም ሆኖ ራሷን ጠየቋት፤ ትሄጃለሽ ወይስ ይቅርብሽ አሏት። «እሺ አባዬ፣ እሄዳለሁ» አለች፣ አንገቷን ደፍታ። በእኛ ቤት ማንኪያ የሚመታ አልነበረም።

ሄደች። አንድ ጊዜ ሐሙሲት ስልክ ቤት አስጠርታ አነጋገረችን። ስለ ጊደራችን ጠየቀችኝ፤ ወለደች አልኳት፤ ሳቀች። ከኋላዋ የሴት ድምፅ ተጣራ። «አይዋ» አለች እህቴ፤ እሺ ማለት ነው። እንከን የማይወጣለት አነጋገር ነበር። ከዚያ በር ሲዘጋ ሰማሁ፤ ስልኩም ተቋረጠ።

ከዚያ ወዲህ ብንደውል ስልኩ አይነሳም። የላካት ደላላ አሠሪዎቿ ቤት ቀይረው ነው ሲል ሰነበተ፤ ኋላ እሱም ጠፋ። አባታችን እስኪሞቱ ድረስ ያቺን የእሺን ምሳሌ ዳግመኛ ከአፋቸው አላወጧትም።

ዛሬ ሴት ልጅ አለችኝ። ጥብቅ አባት ነኝ፤ እንደምትፈራኝም አውቃለሁ፣ አልደብቀውም። ልጅ መታዘዝ አለበት ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን እምቢ ማለት ያልቻለች ልጅ እሺታዋም እሺታ አይደለም፤ ይህንንም አምናለሁ። ትናንት ቁርስ ላይ የቀረበላትን እንድትጨርስ አዘዝኳት። አንገቷን ደፍታ፣ ሳህኑን እያየች፣ ለራሷ እንኳ በማይሰማ ድምፅ «እምቢ» አለች።

እናቷ ደነገጠች። እኔ ማንኪያዬን አንስቼ ብርጭቆዬን መታሁ።

«አልሰማሁሽም» አልኳት። «ቀና በይና ድገሚው።»