ከኢፍቱ ስልክ የወጣ ዋጋ

ሥራዬን የጀመርኩት አንድ ሰኞ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። በስታቲስቲክስ ተመርቄ ቤት ተቀምጬ ሳለ መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ተቀጠርኩ። መምህር የነበረው አባቴ ወሬውን ሲሰማ፣ "አንቺ? ሰው ቀና ብለሽ ሳታዪ ምን ብለሽ ልትጠይቂ ነው?" ብሎ ሳቀ። እኔንም ያስጨነቀኝ ይኸው ነበር።

ተቆጣጣሪያችን አቶ ግርማ ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው። ለእያንዳንዳችን ታብሌት ሰጡንና ሥራውን አስረዱን። ጥናቱ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ በአፍሪካ አገሮች ልማት ላይ ያመጣውን ለውጥ ይለካል። ሐረር ላይ የሚታየው ገበያው ነው። ከአጎራባቿ ከተማ ከባቢሌ የሚመጣውን ለውዝ ዋጋ በየማለዳው በስልክ መልእክት የሚልክ አገልግሎት አለ። ነጋዴዎቹ የማይጠቀሙበት ከሆነ ይዘጋል።

"ጥያቄውን እንደተጻፈ አንብቡ" አሉን። "መልስ አታቀብሉ። ደግሞ ሰውን ለብቻው ጠይቁ፤ ጎረቤት ካለ ጎረቤት ነው የሚመልሰው።"

ጊደር መጋላ ገበያ ውስጥ ለብቻው የተቀመጠ ሰው የለም። ለውዝ ሻጮቹ ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ነው የሚውሉት። ከእትዬ ረምላ ጀመርኩ፤ በረድፉ ውስጥ በዕድሜ የሚበልጣቸው አልነበረም። አንገቴን ደፍቼ በማይሰማ ድምፅ መጠይቁን ማንበብ ስጀምር ጎረቤታቸው ፋጡማ፣ "አቦ ይቺ ልጅ አሟታል መሰለኝ፣ ውሃ ስጧት!" አለች። ሁሉም ሳቁ።

"ባለፉት ሦስት ወራት በስልክ የሚላከውን የዋጋ መረጃ ተጠቅመው ያውቃሉ?"

"ወላሂ አላውቅም" አሉ እትዬ ረምላ።

"የለም" የሚለውን ነካሁ። ታብሌቱ ቀሪዎቹን ጥያቄዎች በሙሉ ዘለለና "ቃለ መጠይቁ ተጠናቋል" አለኝ። ፋጡማም እንዲሁ መለሰች። ከዚያ በኋላ ያሉትም እንዲሁ። ከረድፉ "አዎ" ያለችኝ ጥግ ላይ የምትቀመጠው ኢፍቱ ብቻ ነበረች። ወጣት ናት፤ ትምህርት ቤት ገብታለች፤ ለአገልግሎቱ የተመዘገበው ስልክ የእሷ ነው።

ሐሙስ ዕለት እዚያው ረድፍ ቁጭ ብዬ ሳለሁ አንድ ደላላ መጥቶ ለእትዬ ረምላ የአንድ ጆንያ ለውዝ ዋጋ ጠራላቸው። እሳቸው ቀና እንኳ አላሉም።

"ሂድ ወዲያ! ባቢሌ ዛሬ በስንት እንዳደረ አውቃለሁ።"

"እናቴ፣ ማን ነገረሽ? ራዲዮ ዋጥሽ እንዴ?"

"የዋጥኩትስ ያንተን ውሸት ነው፤ ይኸው ሆዴን ነፍቶኛል!"

ረድፉ በሳቅ ፈነዳ። ደላላው ራሱን እያከከ ዋጋውን ቀነሰ፤ እሳቸውም ገዙ። እሱ ሲሄድ ጠጋ ብዬ ዋጋውን ከየት እንደሰሙ ጠየቅኋቸው።

"ከኢፍቱ ስልክ ነዋ። ማለዳ አንብባ ትነግረናለች፤ እኛ ደግሞ እንቀባበለዋለን።"

"ታዲያ አልተጠቀምኩም ብለውኝ ነበር እኮ።"

"ስልኩ የሷ፣ ንባቡም የሷ። በሰው ንብረት ተጠቀምኩ ብዬ ላስጽፍ? ሀራም ነው የኔ ልጅ።"

ፋጡማም ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። አንዳቸውም አልዋሹኝም። ሌላዋ በገዛችው ስልክ የራሳቸውን ስም ማስመዝገብ ነውር ሆኖባቸው ነው። እኔ በያዝኩት መጠይቅ ግን ረድፉ በሙሉ አንድ ተጠቃሚ ብቻ ነበረው። በዚያ ቁጥር አገልግሎቱ ቢዘጋ እትዬ ረምላ በማግስቱ ደላላው የጠራውን ዋጋ ከመክፈል በቀር ምርጫ አይኖራቸውም።

ከሰዓት በኋላ ቢሮ ስደርስ አቶ ግርማ የመጀመሪያውን ሪፖርት እያዘጋጁ ነበር። አገልግሎቱ እንዲቋረጥ የሚመክር ነው። በሩ ላይ ትንሽ ቆምኩ፤ ከዚያ ገብቼ ያየሁትን ነገርኳቸው።

"ገብቶኛል" አሉ። "ግን ይኸው መጠይቅ በሌሎቹ አገሮችም ይሠራበታል። እኛ ሐረር ላይ ጥያቄ ብንለውጥ ውጤቱን ከማን ጋር ልናወዳድረው ነው?"

"አንለውጠው። መጨረሻው ላይ እንጨምርበት።"

"ምን ብለን?"

መንገድ ላይ ሳሰላስለው የመጣሁትን ነገርኳቸው። "ለመጨረሻ ጊዜ ሲገዙ የገበያውን ዋጋ ከማን ሰሙ? ለማንስ ነገሩ?"

ብዕራቸውን አስቀመጡ። "ይኼ ወሬ ነው ወይስ የሚቆጠር ነገር?"

"ይቆጠራል። ከአንዷ ወደ አንዷ እየተከተልኩ እቆጥረዋለሁ።"

"የጠየቅሻቸውን ሁሉ እንደገና ልትጠይቂ?"

"አዎ።"

"ይስቁብሻል።"

"ይሳቁ።"

ለአለቃ እንዲህ ብዬ መልሼ አላውቅም ነበር። አቶ ግርማ የጀመሩትን ወረቀት ወደ ጎን ገፋ አድርገው፣ "ሪፖርቱን እስከ ሰኞ አቆየዋለሁ። ከዚያ በላይ በእጄ አይደለም" አሉ።

የዋጋው መልእክት ዛሬም በየማለዳው ይመጣል። ከመዘጋት ያዳነው ቢሮ ውስጥ የተናገርኩት አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ተቆጥሮ የመጣው ነው። ከዚህ ሥራ የተማርኩት አጭር ነው። ስልክ የያዘውን መቁጠር ስልክ ማን እንደያዘ ይነግረናል። ኑሮ መለወጡን ለማወቅ መረጃው የደረሰበት ድረስ መሄድ ያስፈልጋል።

አቶ ግርማን ባነጋገርኩ በማግስቱ ጠዋት፣ ገበያው ሳይሞላ ጊደር መጋላ ደረስኩ። ኢፍቱ መልእክቱን አንብባ ጨርሳ ነበር። "ደሞ መጣች!" አለች ፋጡማ። "አቦ ትናንት ያልነገርንሽ ምን ቀረ?" ፊቴ ሲቀላ ተሰማኝ። ቢሆንም እትዬ ረምላ አጠገብ ተቀምጬ አዲሱን ጥያቄ አነበብኩ። እሳቸው በአገጫቸው ወደ ፋጡማ አመለከቱኝ። ፋጡማ ወደ ቀጣይዋ። እንዲህ እያልኩ ረድፉን ጨረስኩ። የመጨረሻዋ ሴት ለማን እንደነገረች ስጠይቃት፣ "ለእህቴ። ኤረር በር ነው የምትሸጠው" አለችኝ።

ታብሌቱን አቅፌ ወደ ኤረር በር ሄድኩ።